የምጥ ሰዓት እና የመንገድ ሰዓት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ወላድ እናቶች እናወራለን። ወሬያችን ግን ከማዋለጃ ክፍሉ ውጭ ነው የሚውለው፤ መንገዱ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ስልኩ ዘንድ። ጤናን፣ ትራንስፖርትንና ቴክኖሎጂን አንድ ላይ አድርገው ያጠኑ ሰዎች በአገራችንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምን አገኙ? ያገኙትስ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ምን ይፈይድለታል? የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ በዚያው ተከታተሉኝ።

በአንድ ስሌት ልጀምር። የእናቶችን ሞት ሲያጠኑ የኖሩ ባለሙያዎች፣ ሕክምና ያላገኘች ወላድ አደጋው ከደረሰባት ሰዓት ጀምሮ በአማካይ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደምትቆይ ገምተዋል። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያላት እናት ያላት ጊዜ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሳትወልድ መድማት የጀመረች 12 ሰዓት ገደማ ልትቆይ ትችላለች። ማህፀኗ የተቀደደባት አንድ ቀን፤ በእርግዝና ሳቢያ የደም ግፊቷ ንሮ የሚያንቀጠቅጣት 2 ቀን፤ ምጧ ተራዝሞ ሕፃኑ አልወጣ ያላት 3 ቀን፤ ኢንፌክሽን የገባባት ደግሞ 6 ቀን ገደማ። አማካይ ግምት ነው እንግዲህ፤ አንዷ ከዚህ ቀድማ ልታልፍ፣ ሌላዋ ልትሰነብት ትችላለች።

ይህ ስሌት ለሐኪም ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለመንገድ መሐንዲሱም ለአምቡላንስ ሹፌሩም ነው። ኢንፌክሽን የያዛትን እናት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተቀባበለ ቀን ሙሉ ተጉዞም ቢሆን ሊያደርሳት ይችላል። ደም የሚፈስሳትን ግን፣ ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ከሆነ፣ ተሸካሚው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን አይደርስላትም። ስለዚህ «ጤና ተቋሙ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ቁም ነገሩ ከቤት ተነስታ ሐኪም እጅ እስክትገባ ስንት ሰዓት ያልፋል የሚለው ነው።

ይህን አስተሳሰብ መልክ አስይዘው ያቀረቡት ሴሪን ታዴየስ እና ዴቦራ ሜይን የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች ከፋፈሉት። በየጤና ጣቢያችን የሚሠራ አዋላጅ ነርስ ሁሉ «ሦስቱ መዘግየቶች» ሲባል ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው እቤት ውስጥ ነው፤ ወደ ሕክምና እንሂድ ወይስ እንጠብቅ የሚለው ውሳኔ። ባል ገበያ ሄዷል፣ አማት «እኔም ሰባቱን እዚሁ ነው የወለድኩት» ይላሉ፣ ገንዘብ የለም፣ ፍየሏ ትሸጥ አትሸጥ ይባላል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እናትየው በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ የሚመጣው ነው፤ ባለሙያው የለም፣ ደም የለም፣ መብራት ጠፍቷል።

ሦስቱን መዘርዘር ቀላል ነው፤ ብዙ ስልጠና ላይም ተዘርዝረው ያበቃሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለቱ ሴቶች በዚያው ጽሑፍ ያነሱት ሌላ ነጥብ ነው፦ ርቀት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንድ ጊዜ ጉዞውን ያረዝማል። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው ገና ምድጃው ዳር እንደተቀመጠ ልቡን ይሰብረዋል። «መኪና የለ፣ ጨልሟል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ እዚያስ ብንደርስ ማን ያየናል» ብሎ የሚቀር ቤተሰብ ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱን አውቆት ነው። እንግዲህ መንገዱን ማሳጠር ውሳኔውንም ያሳጥራል ማለት ነው። አምቡላንሱ ቢጠራ እንደሚመጣ በሚያምን ቀበሌ አማትም ቶሎ ይስማማሉ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2000 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቶ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። በዚያው ጊዜ ውስጥ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5ቱ ብቻ የነበሩት 26 ሆኑ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 48 ደረሱ። ከዚህ ለውጥ ጀርባ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ፤ በየቀበሌው የተመደቡት ሴት ባለሙያዎች እርጉዟን በስም ያውቃሉ። የገጠር መንገድ ግንባታም አለ። የሞባይል ስልክ መስፋፋትም አለ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት ለየወረዳው ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለማዳረስ ተነሳ፤ አገልግሎቱም ለወላድ በነፃ ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አምቡላንሱ የብቻው ድርሻ ምን ያህል ነው? መኪና ውድ ነው፤ ነዳጅ ይበላል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ሹፌር ይፈልጋል። ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢነሳ መልስ ያስፈልገዋል።

መልሱን ፍለጋ ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ 6 ወረዳዎች ያለውን ቤት በሙሉ አንኳኩ። 183,286 ቤተሰብ! በአንድ ዓመት ውስጥ ማን ወለደ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ማን ሞተች ብለው ጠየቁ። የሞት የምስክር ወረቀት እምብዛም በማይገኝበት ቦታ ሟቿ በምን እንደሞተች የሚታወቀው ቤተሰቧን ቁጭ ብሎ በመጠየቅ ነው፦ ደም ይፈስሳት ነበር? አንቀጥቅጧታል? ትኩሳትስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያዘጋጀው የጥያቄ ቅጽ አለ፤ መልሱ በኮምፒውተር ተሰልቶ የሞቱን ምክንያት ያመለክታል። በዚህ መንገድ 19,179 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትና 51 ከእርግዝና ጋር የተያያዙ የእናቶች ሞት ተመዘገቡ።

ከዚያ ወደ አምቡላንሶቹ ዞሩ። ሹፌሮቹ የሚይዙት የጉዞ መዝገብ አለ፤ መቼ ተጠሩ፣ ከየት ነው፣ ማንን አመጡ የሚለው የሚጻፍበት። ብዙዎቻችን ያንን ደብተር ለነዳጅ ማወራረጃ ብቻ የሚያገለግል አድርገን ነው የምናየው። ተመራማሪዎቹ ግን መዝገቡን ከሞቱ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አምቡላንስ ከአማካይ በላይ በተጠቀሙ ወረዳዎች የሞቱ መጠን ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ አንጻር 149 ነበር። ከአማካይ በታች በተጠቀሙት 350። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው። የሞባይል ኔትወርክ መኖር አለመኖሩም፣ ከጤና ተቋም ያለው ርቀትም ከሞቱ መጠን ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ጠንቃቃ አድማጭ «ቆይ፤ አምቡላንስ ብዙ የተጠቀሙት ወረዳዎች መንገዳቸው የተሻለ፣ ኔትወርካቸው የጠራ፣ ጤና ጣቢያቸው የቀረበ ስለሆነ ቢሆንስ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፤ የጤና ዜና ስትሰሙ ይህን ሁልጊዜ ጠይቁ። ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል፤ ርቀቱንና ኔትወርኩን በስሌት ውስጥ አስገብተው ሲያዩት የአምቡላንሱ ግንኙነት አልጠፋም። እንዲያም ሆኖ ማስረጃው ከስድስት ወረዳ የአንድ ዓመት ነው። እኔ የማምነው አቅጣጫውን ነው።

ስለ ስልኩ ትንሽ ልጨምር። አምቡላንስ ያለ ስልክ የቆመ መኪና ነው። ቀድሞ ወላድ ስትጨነቅ አንድ ወጣት እየሮጠ ጤና ጣቢያ ይሄድ፣ መኪናውን ይዞ ይመለስ ነበር፤ ያ መንገድ ሁለት ጊዜ የሚቆጠር ነው። ስልክ የመጀመሪያውን ጉዞ ሰረዘው። ኔትወርክ በሌለበት ግን ዛሬም ጉብታ ለጉብታ ሲግናል የሚፈልግ ሰው አለ። ለዚህ ነው አንድን የቴሌኮም ማማ የጤና መሣሪያ ብሎ መጥራት ማጋነን የማይመስለኝ። በተቃራኒው አምቡላንሱ ሰው ለስብሰባ ሲያመላልስ፣ ዕቃ ሲጭን ያየ ቀበሌ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን አያነሳም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ጋ ይመጣል፤ እምነት ሲጠፋ የመጀመሪያው መዘግየት ተመልሶ ይመጣል።

የተገነባው ሲፈርስ ምን እንደሚሆንም አይተናል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ውስጥ በነበረው ጦርነት የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ አምቡላንሶች ተወስደው፣ ስልክ ተቋርጦ በቆየባቸው ጊዜያት የተደረገ የማኅበረሰብ ጥናት፣ የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ አንጻር 840 መድረሱን ገምቷል። ይህ አገሪቱ በሙሉ በ2000 ከነበረችበት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው።

(አጭር የሙዚቃ ዕረፍት)

አምቡላንስ እናትየዋ ከተጨነቀች በኋላ የሚደረግ ሩጫ ነው። ሩጫው ሳይጀመር እናትየዋን ቀድሞ ማቅረብስ? ይህን ጥያቄ አገራችን ውስጥ ቀድሞ የመለሰው ጉራጌ ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። በ1970ዎቹ በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት ሠራ። ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ሩቅ የምትኖር እርጉዝ መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትቆያለች። ምጥ ሲመጣ ማዋለጃ ክፍሉ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ሲግናል የለ። እኔ ግን በዚህ ዝግጅት ከማነሳቸው ቴክኖሎጂዎች ሁሉ አንደኛ የማደርገው ይህን ቤት ነው።

የ22 ዓመት መዝገብ፣ ከ1987 እስከ 2008 ያለው፣ ተጠንቶ በ2010 ታትሟል። በእነዚያ ዓመታት ሆስፒታሉ ውስጥ 24,148 ወሊዶች ነበሩ፤ 6,805ቱ በማቆያው በኩል፣ የቀሩት በቀጥታ የመጡ። በማቆያው በኩል ካለፉት የሞቱ መጠን ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ አንጻር 90 ገደማ ነበር፤ በቀጥታ ከመጡት 1,333። ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ወገን ከ1,000 ወሊድ 18 ያህል፣ በሁለተኛው 191። ማህፀን መቀደድ ማቆያ ከቆዩት በአንዷም ላይ አልደረሰም፤ በቀጥታ ከመጡት ከ100 ወደ 6 በሚጠጉት ላይ ደርሷል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን አሁንም ጥያቄያችንን አንርሳ። በቀጥታ የመጡት እነማን ናቸው? ከመካከላቸው ብዙዎቹ ቤት ሊወልዱ ሞክረው፣ ነገር ሲበላሽ፣ ከሁለትና ሦስት ቀን ምጥ በኋላ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ የቤቱ ውጤት አይደለም፤ የመዘግየትም ውጤት ነው። ነገር ግን ማቆያው የተሠራው ያንኑ መዘግየት ለማስቀረት ስለሆነ ትችቱ ሐሳቡን አያፈርሰውም። አንድ ሌላ ቁጥር ልጨምር፦ ማቆያ ከቆዩት ከ100 ወደ 38 የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ነው የወለዱት፤ በቀጥታ ከመጡት ወደ 20። እንግዲህ ማቆያው የተቀበላቸው አደጋ ያለባቸውን ሴቶች ሆኖ ሳለ ነው የዳኑት።

ማቆያ ቤት ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ፤ አንዳንዶቹ ጋ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ባዶ የሚውልም ሞልቷል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናትየዋ ሳምንታት ስትቀመጥ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ላሟን ማን ያልባል? ማቆያው ውስጥ ምግብና ውሃ ከሌለስ? የቴክኖሎጂው ዋጋ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የእናትየዋ የሥራ ቀንም ነው። በጀት የሚይዙ ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘሉት ይገርመኛል።

ከአገራችን ውጭ ሁለት ምሳሌዎች ላንሳ። ማላዊ ውስጥ፣ ማንጎቺ በሚባል ወረዳ፣ ተጎታች አልጋ የተገጠመላቸው ሞተር ብስክሌቶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ተቀምጠው ወላዶችን ወደ ወረዳው ሆስፒታል እንዲያደርሱ ተደረገ። በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የአንዱ ሞተር መግዣ ከመኪና አምቡላንስ 19 ጊዜ፣ የዓመት ማስኬጃው ወደ 24 ጊዜ ይረክሳል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መዘግየትም ከ35 እስከ 76 በመቶ አጥሯል። አገልግሎቱ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ አልነካም፤ በእኛ ደጋ ገደላገደል ላይም ሞተር ተጎታች ይዞ ይወጣል ብዬ አልመክርም። ሜዳ ላይ ላሉ ወረዳዎች ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው ብዙ የተወራለት የሩዋንዳ ድሮን ነው። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ሙሃንጋ ከተማ አጠገብ ካለ ማዕከል ደም ያጓጉዛል። ሆስፒታሉ በስልክ ወይም በዋትስአፕ ያዝዛል፤ ክንፍ ያላት ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ተወርውራ ትነሳለች፣ ሆስፒታሉ ጋ ስትደርስ ሳጥኑን በጃንጥላ ትጥላለች፣ ሳታርፍ ትመለሳለች። በ2022 የታተመ ጥናት ከ2017 እስከ 2019 ለ20 የጤና ተቋማት የደረሱ 12,733 የደም ትዕዛዞችን መርምሮ፣ አንዱ ትዕዛዝ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅ፣ ይህም ከመኪናው ከ79 እስከ 98 ደቂቃ እንደሚፈጥን አገኘ። ያቺን የ2 ሰዓት እናት አስታውሱና ደቂቃዎቹን መዝኑ።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ጊዜው አልፎበት የሚጣለው ደም ከአንድ ዓመት በኋላ በ67 በመቶ ቀነሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደም ይበላሻል፤ ፕላትሌት የሚባለው ክፍል ከ5 ቀን አያልፍም። ሩቅ ያለ ሆስፒታል «ቢያስፈልግስ» ብሎ ሁሉንም ዓይነት ያከማቻል፤ በብዛት የማይፈለገው ዓይነት ማቀዝቀዣ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። በሰዓት ውስጥ እንደሚደርስለት ሲያውቅ ማከማቸቱን ይተዋል፤ ደሙ ማዕከል ላይ ይቀመጥና ለቸገረው ይላካል። ለጋሽ ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም አይደፋም።

ይሁን እንጂ ድሮን ደም ይጭናል እንጂ እናት አይጭንም። የሚያሳጥረው ሦስተኛውን መዘግየት ነው፤ ተሸካሚ አጥታ እቤቷ ለምትደማው የሚያደርግላት ነገር የለም። የሩዋንዳ ድሮን ሥራውን የሠራው እናቲቱ ቀድሞ ሆስፒታል ስለደረሰች፣ እዚያም ደም የሚሰጥ ባለሙያ ስለነበረ ነው። የሚያብረቀርቀውን ዕቃ አስቀድሞ ገዝቶ መንገዱንና ሹፌሩን መርሳት ግን በብዙ አገር የታየ በሽታ ነው።

አድማጮቼ፣ ሰዓታችን እየደረሰ ነው፤ የቀረችውን ደቂቃ ቤቱ እርጉዝ ላለችበት ሰው ልስጥ። ደም መፍሰስ በማንኛውም መጠን፣ ከባድ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከ12 ሰዓት ያለፈ ምጥ፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ምክር ለመያዝ አትቀመጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስልክና የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ዛሬውኑ ጻፉና ሁሉም የሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ባለበት አካባቢ 907 ይደወላል። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ፣ ስለ ማቆያ ቤቱ ጤና ጣቢያውን ዘጠነኛው ወር ሳይገባ ጠይቁ፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝም ከጎረቤት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። የወረዳ አስተዳዳሪዎችም የምትሰሙኝ ከሆነ፣ የአምቡላንሱን የጉዞ መዝገብ በወር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ስንቱ ጉዞ ለወላድ እንደነበረ ቁጠሩ።